ከባድ እጅ

ጎረቤቷ ሉኬሪያ ሕፃኑን ከታይሲያ እቅፍ መንጭቃ ስትወስደው አንዲት ትንሽ ካልሲ ታይሲያ እጅ ላይ ቀረች።

«አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ!» ብላ ጮኸች ሉኬሪያ በሕፃኑ እናት፣ በገዛ የልጅ ልጇ ላይ። «ልጅ ለእሷ ይሰጣል?»

ልጅቷ ለቀብሩ ከከተማ የመጣች ናት፤ የምታውቀው ነገር የለም። ሁለት እጇ በሳህን ተይዞ ሕፃኑ ሲነጫነጭባት፣ ምድጃው አጠገብ ላገኘቻት ሴት «እባክሽ አንዴ ያዥልኝ» ብላ አስታቀፈቻት። ጥፋቷ ይኸው ነው።

«ምን አደረገችው?» አለች ግራ ገብቷት።

«እጇ ከባድ ነዋ! ሌላ ምን ማድረግ አለባት?» ሉኬሪያ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም።

ታይሲያ ካልሲዋን አጣጥፋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረቻትና ወደ ምድጃው ዞረች። አልተቆጣችም። እውነቱን ለመናገር እሷም ደንግጣ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሕፃን አቅፋ አታውቅም፤ ሰው ከልክሏት ብቻ ሳይሆን ራሷም ፈርታ። ጎረቤት ስትወልድ በር ላይ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትመለስ ነበር። አሁን የሕፃኑ ሙቀት ክንዷ ላይ ቀርቶባታል፤ በመጎናጸፊያዋ ልትጠርገው ሞከረች።

በዚያ መንደር የሰው እጅ ወይ ቀላል ነው ወይ ከባድ። እጁ የቀለለ ሰው የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ ቢሰካ ቅጠል ያወጣል ይሉታል። እጁ የከበደ ግን የነካው ሁሉ ይሞትበታል፤ ስለዚህ ዘር አያስነኩትም፣ ሊጥ አያስቦኩትም፣ ጫጩት አያስቆጥሩትም። የታይሲያ እጅ ከባድ መሆኑን ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው እንኳ ያውቃል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የቀበሩት አማቷን አግራፌናን ነው። መስተዋቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከፎቶዋ ፊት አንድ መለኪያ ቮድካ፣ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ ተከድኖበት ተቀምጧል፤ እስከ አርባዋ ማንም አይነካውም። ሴቶቹ በማር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ እየዘገኑ ሟቿን ያነሣሉ። እንደ እሷ ያለ ጎመን ማን አብቅሏል? እንደ እሷ ያለች አማትስ የት ትገኛለች? «ያቺን እጀ ከባድ ሃያ ሦስት ዓመት ችላ አኖረቻት እኮ!» ያቺ እጀ ከባድ ደግሞ ሻይ እየቀዳችላቸው ነበር።

የአግራፌና ልጅ ሪማ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጣለች። ከተማ ውስጥ መጋዘን የምታስተዳድር፣ ድምፅዋ ከደረቷ የሚወጣ ሴት ናት። ሦስተኛውን መለኪያ እንደጨለጠች ነገሩን አነሣችው።

«እማማ ምን እንዳለች ሁላችሁም ሰምታችኋል። ባለፈው መኸር፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ‘ስሞት ታይሲያን ከመደቦቼ አርቁልኝ፤ ጓሮዬን መቃብር ታደርገዋለች’ ነው ያለችው። እኔ ከሆዴ አላወጣሁትም።»

«ብላለች፣ ብላለች» አሉ ሴቶቹ።

«እንግዲህ በአርባው አርካዲ ይመጣል፤ ያኔ እንቆርጣለን። ቤቱ የእኔና የወንድሜ ነው። ለሙቀቱ ወራት ብቻ የሚመጡ ከተሜዎች ፈልገውታል። ጓሮ የማያበቅል ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ክረምቱን ምን ሊበላ?»

«እኔስ ወዴት ልሂድ?» አለች ታይሲያ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ነው።

«ወደ አገርሽ ነዋ።»

«አገሬ ሰው የለበትም ሪማ። ቤቶቹ ፈርሰው አልቀዋል።»

«እንግዲያ ጥጃ ቤቱ የዘበኞች ክፍል አለው አይደል? አልጋም ምድጃም አለው። አንቺ እንደሆንሽ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነሽ። ጥጃ ደግሞ እጅ አይመርጥም።»

አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት ነው።

የታይሲያ ባል አርካዲ ለእናቱ ቀብር አልደረሰም። የወንዙ በረዶ ተሰነጣጥቆ በእግርም በጀልባም መሻገር የማይቻልበት ሳምንት ነበር። ባል እንበለው እንጂ ትቷት ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እንጨት መሰንጠቂያው ዘንድ ከምታበስል ሴት ጋር ይኖራል፤ ሦስት ልጆች አሉት። የሄደ ዕለት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ታይሲያ፣ ከአንቺ እጅ ምን ይበቅላል?» ብሏታል።  

*

መኸር ላይ ነበር ሙሽራ ሆና የመጣችው።

በመንደሩ ወግ ለአዲስ ሙሽራ በመጀመሪያው መኸር አንዲት የጓሮ መደብ ይሰጧታል። ነጭ ሽንኩርት ትተክልባታለች፤ በረዶ ይወርድባታል፤ መደቧ ስድስት ወር ተኝታ በፀደይ ስትነቃ ሴቶቹ መጥተው ያያሉ። የሙሽራዋ እጅ የሚታወቀው ያኔ ነው። ታይሲያ በአራት መስመር ሠላሳ ስድስት ፍልቃቂ ተከለች። እየዘፈነች ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አርካዲ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያት ነበር።

ፀደይ መጣና በረዶው ተገፈፈ፤ ሴቶቹም ሻርፓቸውን አስረው ተሰበሰቡ። የአግራፌና መደቦች አረንጓዴ መስመር ሠርተዋል። የታይሲያ መደብ ጥቁር አፈር ብቻ ናት። አግራፌና በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ አንዱን ፍልቃቂ አወጣችና ጨመቀችው፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ልስልስ ብሎ መዳፏ ላይ ተዘረጋ።

«በስብሷል» አለች። ከዚያ የታይሲያን እጅ ቀስ ብላ አነሣች፤ ገልብጣ አየችው። «ምስኪን!»

በዚያች ቃል ነገሩ አለቀ። በዚያው ዓመት የያዘችው ፅንስ በአራተኛው ወር ወረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው ወረደ። ሁለተኛው የወረደ ዕለት፣ ታይሲያ አልጋ ላይ እየተንቀጠቀጠች ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠራ፤ ውርጭ ሊወርድ ነው። አግራፌና ገብታ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፈፈችና ወጣች። ታይሲያ በመስኮት አየቻት፤ ብርድ ልብሱን ፒዮኗን እያለበሰቻት ነበር። ፒዮኗ አግራፌና ራሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከእናቷ ደጅ ሥሯን በቀሚሷ ቋጥራ ያመጣቻት አበባ ናት፤ ሰው ሁሉ ሊያያት የሚመጣ፣ ሳህን የሚያህል ቀይ አበባ የምታወጣ። «ያለቀ ነገር አልቋል፤ እሷ ግን ገና ቡቃያ ናት» ብላለች አግራፌና ስትመለስ።

እንዲያም ሆኖ በየመኸሩ ከገዛ ነጭ ሽንኩርቷ ትልልቁን ፍልቃቂ መርጣ ለታይሲያ ትሰጣታለች። «እስቲ ዘንድሮ ደግሞ ሞክሪ፤ እግዜር ምን እንደሚል ምን ይታወቃል?» ሰው ይህን እያየ ያደንቃል። ታይሲያ ትተክላለች። በፀደይ መደቧ ባዶ ትሆናለች። ከዚያ ታይሲያ ፍግ ትሸከማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ዘር ግን አትነካም።

*

ከቀብሩ በኋላ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ታይሲያ አግራፌና የታመመችበትን አልጋ ልታነሣ ወደ መስኮቱ ሄደች።

አልጋው መስኮቱ ሥር የተደረገው በአግራፌና ትእዛዝ ነበር። መጋቢት ላይ ግማሽ አካሏ ሽባ ሲሆን፣ በዓይኗ እያመለከተች፣ በደኅናው እጇ ግድግዳውን እየደበደበች እዚያ አስደርጋዋለች። ጓሮዋን ልታይ ነው። ሰባት ሳምንት ተኝታ በረዶው ከአጥሩ ሥር ሲሸሽ፣ የጎመኑ መደብ ጭንቅላቱን ሲያወጣ አየች። አፏ ተጣሞ ከቃል ሁሉ የቀረላት አንድ ቃል ነበር።

«የፈላ…» ትላለች። «የፈላ!»

«እሺ እማማ፣ መጣሁ» ትላለች ታይሲያ። ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ሻይ ታፈላለች። በማንኪያ ትቀዳና ሦስት ጊዜ እፍ ትልበታለች፤ በከንፈሯ ጫፍ ሙቀቱን ትሞክራለች፤ ከዚያ ወደዚያ ወደ ጠማማው አፍ። አግራፌና ሻዩን ትተፋዋለች። «የፈላ!» በአገጯ ወደ መስኮቱ። ታይሲያ መጋረጃውን ትገልጥላታለች፤ ፀሐይ የፈለገች መስሏት። በመጨረሻዎቹ ቀናት አሮጊቷ በአገጯ ማመልከቱንም ትታ ነበር። ዓይኗን አንድ ቦታ ላይ ተክላ «የፈላ፣ የፈላ» እያለች ታለቅስ ነበር። ታይሲያም አብራት አለቀሰች፤ ሻዩን እያበረደች።

አሁን ፍራሹን ጠቅልላ ቀና ስትል ዓይኗ አግራፌና ታይበት በነበረው ቦታ ላይ አረፈ። ስሞሮዲና የሚሉት ጥቁር ፍሬ የሚያወጣው ቁጥቋጦ ሥር አረንጓዴ ነገር አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መስመር።

ጫማ ሳታደርግ ወጣች። ጭቃው ከሥሩ ገና በረዶ ነው። ሠላሳ ስድስት ናቸው። ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ጫፋቸው እንደ መርፌ፣ ጣት የሚያህሉ። ተንበርክካ አንዱን በጥፍሯ ቀነጠበችና አሸተተችው። ነጭ ሽንኩርት ነው። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፦ እማማ ሳትታመም በፊት ሌላ ተክላበታለች፤ የእኔማ ሊሆን አይችልም። ባለፈው መኸር በገዛ እጇ እንደተከለችው፣ በገዛ እግሯ እንደጠቀጠቀችው እያስታወሰች እንኳ አላመነችም። ሰው ሃያ ሦስት ዓመት የለበሰውን በአንድ ጠዋት አያወልቅም።

በዘጠነኛው ቀን ሴቶቹ ለመታሰቢያው ተመልሰው መጡ። ሉኬሪያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ድንች እያወራች ሳለ በመሃል ቃሏ ጠፋባት።

«ያ… ያ ምንድን ነው?»

«የእኔ መደብ ናት» አለች ታይሲያ።

ሁሉም ተነሥተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። አንዷ አማተበች። «ተአምር ነው!» አለች ሌላዋ። «አግራፌና ከሰማይ አማለደችላት!»

«አረም ነው» አለች ሪማ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ።

ሉኬሪያ ግን መስኮቱን አየች፤ ታይሲያ እጅ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየች፤ እንደገና መስኮቱን። ታይሲያ ልትቀዳላት ስትጠጋ ብርጭቆዋን በመዳፏ ከደነችና «እኔ ልሂድ፤ ላሟ ትጠብቀኛለች» ብላ ወጣች። ላም ከሸጠች ሦስት ዓመቷ ነው።

ታይሲያ በጓሮው መካከል ቆመች። በዚያ አገር ስሞሮዲናን በረዶው እንደለቀቀ፣ ቅጠል ሳያወጣ በፊት፣ ፈልቶ የወጣ ውሃ ያፈሱበታል፤ ተባዩ ይሞታል፣ ፍሬው ጥቁርና ትልልቅ ይሆናል። ሁሉም ቤት ያደርገዋል። አግራፌና ይህን ሥራ ለሰው ሰጥታ አታውቅም ነበር። ዘንድሮ ተኝታ ስለነበር ማንም አላደረገውም፤ ቁጥቋጦው ላይ ተባይ የነፋቸው እምቡጦች አተር አክለው ይታያሉ። ታይሲያ ከቁጥቋጦው ሥር ያለችውን መደቧን አየች። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት በአማቷ መዳፍ ላይ ድንች መስሎ የተዘረጋው ፍልቃቂ ትዝ አላት። የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ያ አልሸተተም ነበር። ያ ተቀቅሎ ነበር።

«የፈላ» አለች ጮክ ብላ፣ ለብቻዋ።

*

ሉኬሪያ አጥሯ ሥር መሬት ስትገለብጥ ነበር። ታይሲያ ስትመጣ አይታ አካፋዋን ተከለችና ተደገፈችው።

«እትዬ ሉኬሪያ፣ ስሞሮዲናውን ዘንድሮ ማንም አልነካውም።»

«እሷ ተኝታ ማን ይነካዋል?»

«ውሃው ለስሞሮዲናው ብቻ ነበር?»

ሉኬሪያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከእኔ አጥር ጓሮአችሁ ይታያል» አለች በመጨረሻ። «ዓይን ሰጥቶኛል፤ ምን ላድርገው?»

«ምን ይታያል?»

«አንቺ ጥጃ ቤት እንደሄድሽ ሁለት ማንቆርቆሪያ ይዛ ትወጣለች። አንዱ ለቁጥቋጦው። አንዱ… ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ተከታትላ።»

«በየዓመቱ?»

«አንድ ዓመት ወገቧን ታማ ቀርታለች መሰለኝ።» አሰበች። «ኧረ አይ፣ ያኔም ወጥታለች። በከዘራ።»

ታይሲያ አጥሩን ያዘች። «ምን አድርጌያት ነው?»

«ምንም! ምን ታደርጊያታለሽ? አርካዲ የአንቺ ሾርባ ይጣፍጣል አለ፤ በሰው ፊት። እሷም ትንሽ አንገቷን ትድፋ ብላ ነው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። ነግራኛለች፤ ስቀንም ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ‘ከባድ እጅ’ አሉ፤ አንቺም አስወረደሽ፤ ነገሩ አበጠ። በሁለተኛው ዓመት ቢበቅል ‘ታዲያ የመጀመሪያው ምን ነበር?’ ሊባል ነው። እንዴት አድርጋ ትመለስ? አንቺ ራስሽ ብትሆኚ እንዴት ትመለሻለሽ?»

«እርስዎ እያወቁ ባለፈው ሕፃኑን ከእቅፌ ነጠቁኝ።»

«ነጠቅኩሽ።»

«እጄ ደኅና እንደሆነ እያወቁ?»

«ማን ያውቃል ብዬ ነዋ!» ሉኬሪያ ተቆጣች፤ እውነተኛ ቁጣ። «ሰው ሁሉ ሃያ ሦስት ዓመት ሲለው ከርሞ! ከእሷ ውሃ ሌላ ደግሞ እውነትም ከብዶ ቢሆንስ? በልጅ አይቀለድም፣ ታይሲያ።»

ታይሲያ ሳቀች። አግራፌና ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቁ ግን አልቆም ብሏት አጥሩ ላይ ተደፋች።

«የወረዱት ልጆቼስ?» አለች ስትረጋጋ።

«እሱን እኔ አላውቅም። እሱ የእግዜር ነው።»

ታይሲያ ግን ሁለቱንም አግራፌና ላይ ጫነቻቸው። ልክ ነው አይደለም፣ እኔ አልፈርድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ቀን ለጓሮው ሠርግ፣ ለቤቱ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሪማ ወደ ከተማ ተመልሳለች። ታይሲያ የአግራፌናን የዘር ሣጥን ሰብራ ከፈተች። ክብሪት ቀፎዎች ውስጥ የተቋጠረውን ዘር ሁሉ በዚያ በተፈራ እጇ እፍኝ እፍኝ እየዘገነች አወጣችው። ካሮት ዘራች፣ አተር ዘራች፣ ድንቹን ቀበረች። ብርሃኑ አያልቅም፣ ዝናቡ ለስላሳ ነው፣ መሬቱ እየሞቀ ይተነፍሳል። ሁሉም ወጣ። አንድም የቀረ የለም። ሰው በአጥሩ ላይ እያየ ያልፋል፤ አፉን ይይዛል።

በየጠዋቱም መጎናጸፊያዋን አጥብቃ የአግራፌና ፎቶ ፊት ትቆማለች፤ ከዚያች በዳቦ ከተከደነች መለኪያ አጠገብ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ካሮቱ ወጣ» ትላለች። «እንደ ፀጉር ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ። አተሩ ደግሞ ጣቴን አክሏል። ነጭ ሽንኩርቱን ቢያዩት ይሞቱ ነበር፤ ሞተዋል እንጂ።»

ይህ ነበር ለቅሶዋ። ፒዮኗን ብቻ አልነካቻትም። ፒዮኗ ከመሬት ቀይ አፍንጫዋን አወጣች፣ ቅጠሏን ፈታች፣ እንቁላል የሚያህሉ እምቡጦች ቋጠረች። ታይሲያ በዙሪያዋ ያለውን አረም ሁሉ እየነቀለች እሷ ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች፤ ታያትና ታልፋለች።

*

በአርባው ቀን አርካዲ በጀልባ ተሻግሮ መጣ። ወፍሯል፤ ጆሮው ሥር ሸብቷል። ከመቃብር ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሪማ፣ ሉኬሪያ፣ አምስት ስድስት የመንደሩ ሴቶች። ታይሲያ ድንቹን፣ ዓሣውን ካቀረበች በኋላ አንድ ሳህን ይዛ መጣችና መካከል ላይ አስቀመጠችው። ከነሥሩ የተነቀለ፣ ታጥቦ በክር የታሰረ እሸት ነጭ ሽንኩርት ነው።

«ከየት የመጣ ነው?» አለ አርካዲ፣ አንዱን እያነሣ።

«ከሙሽራዋ መደብ።»

«ከገበያ ገዝታ ነው» አለች ሪማ።

«እግዜርን ፍሪ» አለች ሉኬሪያ። ሦስት መለኪያ ጠጥታለች፤ ሠላሳ ቀንም አልተኛችም ነበር። «በእጇ የተከለችው ነው። ማንቆርቆሪያው ስላረፈ በቀለ።» ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሁለቱን ማንቆርቆሪያ፣ ከዘራውን፣ ሳቁን።

«ሟችን በአርባዋ፣ በገዛ ጠረጴዛዋ!» ሪማ ተነሥታ ቆመች። «አርካዲ፣ ዝም ትላለህ? እናትህን እኮ ነው!»

አርካዲ ነጭ ሽንኩርቱን ጨው አስነክቶ ነከሰ። አኘከ። «እውነቷን ነው» አለ፣ ሳህኑን እያየ።



«ታውቅ ነበር?» አለች ታይሲያ።

«በሁለተኛው ዓመት ነው ያየኋት። የገላ መታጠቢያ ቤቱን እሳት ላነድ ስወጣ።»

«አልነገርከኝም።»

«እናቴ ናት። ምን ልበል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «ደግሞ አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

«የሄድክ ዕለት ጫማህን እያሰርክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አርካዲ ከልቡ አሰበ። «አይ» አለ። «ምን አልኩሽ?»

ታይሲያ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አንሥታ በየብርጭቆው ቀዳች፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

አርካዲ አፉን ጠረገ። «ቤቱ አይሸጥም» አለ። «ጓሮ አታበቅልም ተባለ፤ ይኸው አብቅላለች። ታይሲያ ትኑርበት።» ሪማ አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ የእናቷን ቃል ጠራች። በመጨረሻ በመኸር የድንቹ ግማሽ የእሷ እንዲሆን ተስማምታ ተቀመጠች። ታይሲያ አርባ ቀን ስትጠብቀው የነበረው ነገር እንዲህ በአፍ ውስጥ ምግብ እያለ ተሰጣት። ደስታ ካለ ብላ ውስጧን ፈለገች። የለም።

መስተዋቱን ገለጡት። ሪማ የሟቿን መለኪያ ወስዳ በር ላይ ደፋችው፤ ዳቦውን ለወፎች ፈረፈረችው። ሴቶቹ ወጡ። አርካዲ ኮፍያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ የሚሄድ መስሎ ደግሞ ተመለሰ።

«ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ጥቂት ብትሰጪኝ» አለ። «ለልጆቹ።»

«ለልጆች?» አለች ታይሲያ። «ከእኔ እጅ? ይቅርባቸው፣ አርካዲ። ማን ያውቃል?»

ቆሞ አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኑን እስኪሰብር ድረስ። ከዚያ ወደ ጀልባው ወረደ።

ታይሲያ ወደ ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያውን ሞላችና ጣደችው። ክዳኑ እስኪንቀጠቀጥ፣ አፉ እንፋሎት እስኪተፋ ጠበቀች። በጨርቅ ይዛው ወጣች። ፀሐይዋ ገና ከጣሪያው በላይ ናት። ፒዮኗ ከመስኮቱ ሥር፣ አግራፌና ሰባት ሳምንት ከተኛችበት መስኮት ሥር፣ ከእምቡጦቿ አንዱን ያን ዕለት ፈትታለች፤ ቀይ ነው፣ ሳህን ያክላል፣ በላዩ ጉንዳን ይሄዳል።

«የፈላ ብለውኝ አልነበር እማማ?» አለች። «ይኸው አመጣሁልዎ።»

ጎንበስ ብላ የማንቆርቆሪያውን አፍ ወደ ሥሩ አዘነበለችው። ውሃው ጫፉ ላይ ደርሶ ሊወርድ ሲል እጇ ቆመ። ሳታስበው አፏን አሞጠሞጠችና እፍ አለችበት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እስኪያረጥበው።

ከዚያ ቀዳችው።